ከዳውቲ እስከ ወጥቶ አደር

አሜሪካ፣ ግሌንዴል በምትባል ከተማ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ስሠራ፣ ጠዋት ጠዋት አልጋ የማነጥፍላቸው አንዲት የአይስላንድ ተወላጅ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። አንድ ቀን የብርድ ልብሱን ጠርዝ ወጥሬ ከፍራሹ ሥር ስወትፍ ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አልነቀሉም።

«ወታደር ነበርክ?» አሉኝ።

«አይ፣ እንዲሁ ልማድ ነው» አልኩና ትራሱን ማራገፍ ጀመርኩ።

ውሸቴን ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ከገበያ ታፍሼ ገብቼ ጦሩ ሲበተን ነው የወጣሁት። አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። በዚያው ሰሞን ልጄ የግሪን ካርድ ፎርሜን ስትሞላልኝ «ሚሊተሪ ሰርቪስ?» ብላኝ «የለም በይ» አልኳት፤ በእርሳስ ጻፈችው። የፈራሁት መንግሥትን ብቻ አልነበረም። አባቷ ጠመንጃ ይዞ እንደነበር ስታውቅ በምን ዓይን እንደምታየኝ ነበር ያስጨነቀኝ።

ሴትዮዋን ግን ማስተማር አልተዋቸውም። አገራቸው ጦር እንደሌላት፣ ወታደር ማለት የሆነው «ሶልዳት» የሚለው ቃል ከባሕር ማዶ እንደገባ፣ ሕዝቡም የቃሉን መጀመሪያ ቆርጦ ጥሎ «ዳውቲ» እንዳደረገው ነገሩኝ። የተጣለው «ሶል» ደመወዝ ከሚል ቃል የመጣ ነው አሉ። ደመወዙ ተቆርጦ ወታደሩ ብቻ ቀረ ማለት ነው፤ ይሄንንስ እኛም እናውቀዋለን ብዬ በልቤ ሳቅኩ።

«በእናንተስ?» አሉኝ።

«ወታደር ይባላል። ወጥቶ አደር ከሚለው መጣ ይላሉ፤ ከቤቱ ወጥቶ ውጭ የሚያድር።»

«እና አንተ ስንት ዓመት ውጭ አደርክ?» አሉኝ።

«ሰባት።» ከአፌ አመለጠኝ። እሳቸው ግን «እናትህ ብዙ ጠብቃሃለች» ብቻ አሉ። እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩም።

ከሥራ እንደወጣሁ ሃቫና ስትሪትን ይዤ በቀጥታ ወደ ቤት ነዳሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ገብታ ነበር። ፎርሙን አምጪ አልኳትና ከገበያ እንዴት እንደታፈስኩ፣ ሰባት ዓመት የት እንደነበርኩ ቆሜ ነገርኳት።

«ሶ፣ አልጋዬን እንደዛ የምታነጥፈው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

ላጲስ አንስታ የጻፈችውን አጠፋች። ቦታው ጠባብ ነበርና ከደብተሯ ወረቀት ገነጠለች።

«ኤክስትራ ፔጅ አታች ማድረግ ይቻላል፣ ዳዲ። ከመጀመሪያው ንገረኝ። ገበያ ምን ልትገዛ ሄደህ ነበር?»

«ጨው» አልኳት፤ ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።