ልጁን ላሳደጉለት ሰዎች የተመረጠ ወይን

ዳልጮ ከጉኑኖ ወደ ሶዶ የሚሄደውን ሚኒባስ ቆሞ ሲጠብቅ ረፋዱ አለፈ። ጉልበቱ ከታመመ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ መቆሙም መቀመጡም እኩል ያደክመዋል። የእህል መጋዘን ዘበኛ ነው። የዚያን ቀን ፈቃድ ሲጠይቅ አለቃው ሐኪም ዘንድ የሚሄድ መስሎት አዘነለት። ዳልጮም አላስተባበለም። ሊገዛ የሚሄደው የስፔን ቀይ ወይን መሆኑን ቢናገር ማን ያምነዋል?

ነገሩን ያመጣው የበኃይሉ ስልክ ነበር። በኃይሉ ድሮ የሶዶ ሕፃናት ማሳደጊያ ሾፌር ነበር፤ ዛሬ የስፔንኛ አስተርጓሚ ሆኗል። የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት የሁለት ወር ልጁን ትንሳኤን ከዳልጮ እቅፍ ተቀብሎ መኪና ውስጥ ያስገባት እሱ ነው። እናቷ አሳየሽ በወሊድ ታማ ሳትነሳ አርፋ ነበር። ዛሬ ለሥራ ርቀው የሄዱት ታላላቅ ወንድሞቿ ያኔ ከዳልጮ ጋር ቀሩ፤ ልጅቷን ስፔን ያሉ ባልና ሚስት ወስደው አሳደጓት። አሁን ይዘዋት ሊመጡ ነው። ቅዳሜ ይደርሳሉ አለው በኃይሉ።

ዳልጮ እሺ አለ እንጂ ብዙም አላመነም። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ እንመጣለን ብለው ቀርተዋል፤ አንዴ በወረርሽኙ፣ አንዴ በጦርነቱ ምክንያት። ሁለቱንም ጊዜ ቤቱን አስለስኖ፣ በግ አስሮ ጠብቋል። መጠበቅም እንደ ሥራ ጉልበት ይጨርሳል። ቢሆንም ከመጡ ባዶ እጁን ሊቀበላቸው አልፈለገም። በየዓመቱ በሚልኩት ፎቶ ላይ ልጅቷ እያደገች፣ ጥርሷ እየወለቀና እየበቀለ፣ ማዕዱ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ቆሞ ይታያል። የአገሬውን መጠጥ ቦርዴውን ጎረቤት ትጠምቅለታለች። እነሱ የለመዱትን ግን እሱ ራሱ ፈልጎ ማቅረብ አለበት።

ሶዶ ሲወርድ በኃይሉ «ስፔን» የሚለውን በእነሱ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠው። ዳልጮ ወረቀቱን ይዞ መጀመሪያ ያገኘው ግሮሰሪ ገባ። ባለቤቱ መስኮት ላይ ከቆሙት ጠርሙሶች አንዱን አቧራውን ጠርጎ ሰጠውና፣ ጣፋጭ ስለሆነ ፈረንጅ ሁሉ ይወደዋል አለው። ዳልጮ ፊደሉን ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አስተያየ። አይገጥምም። የጠርሙሱ ወረቀት ደግሞ ፀሐይ በልቶት ነጥቷል። አመስግኖ ወጣ። ሁለተኛው ቤት የስፔን የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም፤ ግን ከመናኸሪያው በላይ ባለው ሆቴል መጠጡን የምትይዘውን ፀደንያን ጠይቅ ብለው ላኩት።

ፀደንያ የሌሊቱን ፈረቃ ከቀኑ ደርባ ሠርታ ገና መውጣቷ ነበር። ጫማዋን አውልቃ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣለች። የሆቴሉ መጠጥ ለውጭ እንደማይሸጥ ነገረችው። ዳልጮ ነገሩን ስላልተረዳ ሳይሆን መልሶ መውጣቱ ስለከበደው ባንኮኒውን ተደግፎ ቆመ።

«ለማን ነው፣ አባባ?» አለችው።

«ልጄን ላሳደጉልኝ ሰዎች።»

ትንሽ አየችውና ጫማዋን አጠለቀች። ከጓዳ ሦስት ጠርሙስ አመጣች፤ ሦስቱም የስፔን ናቸው። ዳልጮ ወዲያው ወርቃማ ሽቦ የተጠመጠመበትን ያዘ። የትልቅ ሰው መጠጥ ይመስላል።

«ሽቦውን አይጠጡትም» አለች ፀደንያ፣ ሳትስቅ።

ከዚያ በድካም ድምፅ፣ ግን ሳትቸኩል አስረዳችው። ሽቦ ያለው አሮጌ ነው፤ አሮጌ ወይን ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ይኼ ግን መብራት ሥር ቆሞ ስለከረመ አታምነውም። የሁለተኛውን አንገት በጣቷ ዳሰሰችና ጣቱን እንዲያስነካ አደረገችው። ይጣበቃል፤ ቡሹ አስተንፍሶ ወይኑ ፈሷል ማለት ነው። ሦስተኛው ካርቶን ውስጥ፣ ጨለማ ቦታ፣ ተጋድሞ የነበረው ነው። ወረቀቱ ላይ ያለችውን አንድ ቃል አሳየችው፤ «ክሪያንሳ» ትባላለች አለችው፤ ወይኑ በእንጨት በርሜል ወራት ቆይቶ፣ ግን ሳያረጅ ወጥቷል ማለት ነው። ምን እንደሚያበላቸው ጠየቀችው። የበግ ሥጋ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር አላት።

«እንግዲያው ይኼ ነው። ጣፋጭ ቢሆን ኖሮ ከሥጋው ጋር አይሄድም። እስከ ቅዳሜ ፀሐይ አያግኘው፤ አጋድመው ያስቀምጡት።»

አለቃዋን አነጋግራ፣ ሆቴሉ በገዛበት ዋጋ ሸጠችለት። ዳልጮ በሚኒባሱ ውስጥ ጠርሙሱን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ በየጉድጓዱ በሁለት እጁ እየደገፈ ተመለሰ። ቤት ሲደርስ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር አስገባው።

ቅዳሜ ከበኃይሉ ጋር በመኪና መጡ። ልጅቷ ከእሱ ትረዝማለች። እጁን ጨበጠችው፣ ከዚያ ትንሽ ቆማ አቀፈችው፤ እሱም እጁን የት እንደሚያሳርፍ አላወቀም። የምሳው ሰዓት ሲደርስ ዳልጮ ጠርሙሱን አወጣ። ያን ጊዜ ነው መክፈቻ አለመግዛቱ ትዝ ያለው። አፍሮ ቢላዋ ሲያነሳ፣ የልጅቷ አሳዳጊ አባት ሳቅ ብሎ ተነሳ። በኃይሉ ከጎረቤቱ ከአናጢው ከቦልቴ ብሎንና ጉጠት ተውሶ መጣ። ዳልጮ ጠርሙሱን በጉልበቶቹ መሃል ያዘ፤ ሰውዬው ብሎኑን ቡሹ ውስጥ አጥብቆ በጉጠት ሳበ። ሁለቱም አላባቸው። ቡሹ ሲወጣ ዳልጮ ወደ ኋላ ሊወድቅ ነበር፤ ሰውዬው በክንዱ ያዘው።

በሻይ ብርጭቆ ቀዱ። ሰውዬው አሸተተ፣ ቀመሰ። ወይኑ ጥሩ ነው እንዳለ፣ ማን እንደመረጠለትም እንደጠየቀ በኃይሉ ተረጎመ። የሚያውቅ ሰው ጠየቅሁ አለ ዳልጮ። እሱ ሲቀምሰው አፉን አደረቀው፤ የዛፍ ልጣጭ እንጂ ወይን አልመሰለውም። ግን ጨረሰው።

ልጅቷ ስትበላ ቆይታ በስፔንኛ አንድ ነገር ተናገረች። አሳዳጊ እናቷ አንገቷን ደፋች። በኃይሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ወንድሞቿን አስቀርተህ ለምን እሷን እንደሰጠህ ነው የምትጠይቀው።»

ዳልጮ ለዚህ ጥያቄ ለዓመታት መልስ ሲያዘጋጅ ኖሯል፤ ረጅም መልስ ነበር። አሁን የወጣለት ግን አጭሩ ነበር።

«እነሱ ጎደሬ ይበሉ ነበር» አለ። «አንቺ የምትፈልጊው ወተት ነበር። ወተት አልነበረኝም።»

በኃይሉ ተረጎመላት። ምግቡ ሲነሳ የእናቷን መቃብር ልይ አለች፣ ከዳልጮ ጋር ብቻ።

ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቱ ከዳውና ሣሩ ላይ ተቀመጠ። እንድትቀጥል በእጁ ምልክት ሰጣት። አልሄደችም፤ አጠገቡ ተቀመጠች። የሚነጋገሩበት ቋንቋ አልነበራቸውም። የመመለሻው ሰዓት ደርሶ ከታች መኪናው ጥሩንባ ነፋ፤ ትንሽ ቆይቶም ደገመ። ልጅቷ ወደ መኪናው ሳይሆን ወደ ዳገቱ አየችና እጇን ዘረጋችለት። ዳልጮ ያዘውና በዝግታ ተነሳ።