ከመኪናዋ ኋላ የቆመው ሰው

ባለፈው ጥቅምት ኮምፒውተሬ እየጋለ ድርግም ማለት ስላበዛ ተሸክሜ ወደ ጠጋኙ ሄድኩ። ኮምቦልቻ ውስጥ ታፔላና ማስታወቂያ እየሠራሁ ነው የምኖረው፤ ያለ እሱ ሥራ የለኝም። ጠጋኙ ሰውነቱ ሞላ ያለ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ማራገቢያውን አጸዳ፣ አዲስ ቅባት ቀባና «እስቲ እንፈትነው» ብሎ አንድ የጦርነት ጨዋታ ከፈተ። ኮምፒውተርን እንደሱ የሚያግል የለም አለኝ። ስክሪኑ ላይ በረሃ መጣ። ከበረሃው መሀል በጀርባዋ የሮኬት ቱቦ የተሸከመች ፒክ አፕ አቧራዋን እያስነሳች ብቅ አለች። የኋላ መስኮቷን የሸፈነው ላሜራ ወደ ቀኝ ጠመም ብሎ ነው የተበየደው። ያንን ላሜራ ያጣመምኩት እኔ ነኝ።

«ይቺን መኪና ማን እንደጨመራት እንጃ» አለ ጠጋኙ። «ግን እውነተኛ ነው የምትመስለው፤ አይደል?»

ነገ እወስደዋለሁ ብዬ ኮምፒውተሬን ጥዬለት ወጣሁ።

ያንን ላሜራ ሳጣምም ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የምኖረው ካርቱም፣ ጀሪፍ ውስጥ፣ ለአራት በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው። አሮጌው መንግሥት ወድቋል፤ አዲሱ ገና በእግሩ አልቆመም። ለዳቦ ሰልፍ፣ ለቤንዚን ሰልፍ ነበር፤ አስፋልቱ ጎማ በተቃጠለበት ቦታ ሁሉ ጠቁሮ ቀርቷል። ሰዉ ግን ተሰልፎም ይስቅ ነበር። እኛ አላፊዎች ነን፤ አንዱ ግብፅን፣ አንዱ ሊቢያን፣ አንዱ የማይመጣ ወረቀት ይጠብቃል። እኔ ወንዙ ዳር ጡብ በሚተኮስበት ቦታ የቀን ሥራ እሠራ ነበር። የክረምቱ ውኃ ሲሞላ ምድጃዎቹን ይወስዳቸዋል፣ ሥራውም ያበቃል። ጠዋት ጠዋት ፉላችንን በለስላሳ ጠርሙስ ቂጥ ደቁሰን፣ የሰሊጥ ዘይት አፍስሰንበት፣ አራታችንም ከአንድ ሳህን እንበላለን። ስለ ካርቱም ጥሩ ነገር ንገረን የሚለኝ ቢኖር ከዚያ ፉል እጀምራለሁ።

ከአራታችን ሊቢያ ደርሶ የተመለሰው ከማል ብቻ ነው። ኮምቦልቻ አጠገብ ካለችው ከደጋን የመጣ ልጅ ነው፤ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ስለ ሊቢያ ሲጠየቅ «አሸዋ ነው» ይልና ዝም። አንድ አመል ነበረው፤ ከቆመ መኪና ኋላ አያልፍም። መንገዱ ቢጠብም፣ ፀሐይ ቢያቃጥልም፣ በፊት በኩል ዞሮ ነው የሚያልፈው። ለሦስት እግሯ ራክሻ እንኳ ይዞርላታል። «ተጠንቀቅ ከማል፣ ትራገጣለች!» እያልን እንስቅበት ነበር። እሱም አብሮን ይስቃል።

ጡቡ ሲቆም ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንድ ቪላ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ለሚያሠሩ ሰዎች ሲሚንቶ መሸከም ጀመርኩ። አንድ ቀን ውኃ ልጠጣ ምድር ቤቱ መስኮት አጠገብ ስቆም የቤቱ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ፒክ አፕ ሲሠራ አየሁት። በተሰባበረ አረብኛዬ «ጎማዋ መሬት አልነካም» አልኩት። ዞሮ አየኝ፤ እንደገና ስክሪኑን አየና «ወላሂ አልነካም» ብሎ ሳቀ። ኮሌጅ ሁለት ዓመት የኮምፒውተር ስዕል ተምሬ በገንዘብ እጦት እንዳቋረጥኩ ነገርኩት። በማግስቱ ሲሚንቶውን ትቼ ከእሱ ጋር መኪናዋን መሥራት ጀመርኩ።

ሙዓዝ ይባላል። ክፉ ነበር ብል ይቀለኝ ነበር፤ አልነበረም። አብሬው ካልበላሁ አይበላም። በዚያ አገር የአባቴን ስም የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። አሮጌውን መንግሥት ተቃውሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰልፍ ወጥቷል፣ ጓደኛው አጠገቡ ተመቷል። ጨዋታውን የሠሩት የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ተጫዋቾች ግን የየራሳቸውን መኪና እየሠሩ ይጨምሩበታል። ሮኬት የምትተኩሰው መኪና ቀድሞም ነበረች፤ ስትተኩስ ግን አትነቃነቅም፣ አቧራ አታነሳም። ሙዓዝን የቆጨው ይህ ነው። ለወታደር አገዛዝ እምቢ ብሎ የወጣ ልጅ ምን በወጣው ነው የወታደር መኪና የሚያሳምረው ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኩት።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ እኔ የምጠላው ውሸቱን ነው» አለኝ። «ጨዋታ ላይ ጦርነት ሰርግ መስሎ ነው የሚታየው። ዋቂዒ ይሁን። ልክ እንደ እውነቱ። ያኔ ያየው ሁሉ ይጠላዋል።»

አመንኩት። እሱም ራሱን ያመነ ይመስለኛል።

ሱዳኖች እነዚያን ፒክ አፖች ታትሸር ይሏቸዋል። በእነዚያ ወራት ድልድይ ድልድዩ ላይ ቆመው ነበር፤ ወታደሮቹ ላያቸው ላይ ተቀምጠው የሐብሐብ ፍሬ ይፈለፍላሉ። እኔ ከአውቶቡስ ውስጥ ሆኜ በዓይኔ ጠርዝ ቀለሙ የት የት እንደተላጠ፣ አቧራው የት እንደተኛ እያጠናሁ አልፋለሁ። ሮኬት የተሸከመችውን ግን ከቅርብ ያየ በመካከላችን አልነበረም። ሙዓዝ ያየ ሰው አምጣልኝ ሲለኝ ወዲያው «ጓደኛ አለኝ» አልኩ።

ዓርብ ጠዋት ነው፤ ግቢያችን ውስጥ ኒሟ ዛፍ ጥላ ሥር ከከማል ጋር ልብስ እናጥባለን።

«ከማል፣ ሊቢያ ውስጥ ሮኬት የሚተኩስ ታትሸር አይተሃል?»

ሸሚዙን መጭመቁን ሳያቆም «ማነው የጠየቀህ?» አለኝ።

«ሹግሌ፣ የሥራዬ ጉዳይ ነው። ለጌም እኮ ነው።»

«ለጌም» አለ። ሸሚዙን አሰጣው። ከዚያ እንጨት አንስቶ እርጥቡ አፈር ላይ ይስልልኝ ጀመር። ቱቦዎቹ ከአውሮፕላን የተፈቱ ናቸው። የፊት መስታወቷን ያነሱታል፣ በኋላ መስኮቷ ላይ ላሜራ ይበይዱባታል፤ በያጁ ስለሚቸኩል ጠማማ ነው። ሾፌሩ ወርዶ ይርቃል። ሁለት ሽቦ ከባትሪ ጋር ሲነካካ መኪናዋ ትዘልና ወደ አንድ ጎኗ አዘንብላ ትቀመጣለች። የሳሙናውን ካርቶን ገልብጬ ሁሉንም ጻፍኩ። እንደጨረሰ መሰለኝ፤ እሱ ግን እንጨቱን እንደያዘ ቀጠለ።

«የያዙን ሰዎች ነበሩ የሚያሠሩን። እኔና ሰይድ ቱቦ እንሞላለን። ሰይድ የሰፈሬ ልጅ ነው፣ አብረን ነው የወጣነው። የዚያን ቀን ሽቦውን አንተ ንካው፣ ያላ፣ አሉኝ። ሰይድ ከኋላ መሆኑን አላየሁም። እሳቱ እኮ በኋላም ይወጣል፣ ያሲን።»

መጻፌን ተውኩ።

«ሦስት እርምጃ ሄደ። ፀሐይ እንደበዛበት ሰው ፊቱን በእጁ ጋርዶ። ሦስት ብቻ። ከዚያ ቁጭ አለ።»

አፈሩ ላይ የሳለውን በእግሩ አጠፋው። «እናቱ ባሕር ወሰደው ብላ ነው የምታውቀው። ለአንተ ብቻ ነው የነገርኩህ። መኪናዋን ለሥራህ ውሰዳት። ሰይድን ግን ተወው። ለማንም።»

«ወላሂ» አልኩት።

ያ ወላሂ የቆየው እስከ ሰኞ ነው።

ሰኞ ከሰዓት ሙዓዝ ክፍል ውስጥ ሁለት ጓደኞቹ ነበሩ። ውጭ ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ተነስቶ ሰማዩ ቀልቷል፤ ውስጥ ቀዝቃዛ ከርከዴ እንጠጣለን። ካርቶኑን አንብቤላቸው በደስታ ሊሞቱ ነው። ከዚያ አንደኛው «ከኋላዋ ሰው ቢቆምስ?» አለ። ጨዋታው ላይ ከኋላ የቆመ ሰው ምንም አይሆንም ነበር። አንዱ ወዲያው ይወድቃል አለ፣ ሌላው ተወርውሮ ይሄዳል አለ። ተከራከሩ። እኔ የማውቅ ሰው ነኝ። በዚያ ቤት ሲሚንቶ ተሸክሜ ስለገባሁ ይሁን ወይም እንዲሁ ከንቱ ሆኜ፣ የማውቅ ሰው መሆን ይጥመኝ ነበር።

«እንደሱ አይደለም» ብዬ ምንጣፉ ላይ ቆምኩ። ፊቴን በቀኝ እጄ ጋርጄ ሦስት እርምጃ ሄድኩና ቁጭ አልኩ።

ሙዓዝ ስልኩን አውጥቶ «ታኒ!» አለ፤ ድገመው ማለቱ ነው። ደገምኩት። ከጎን ልቅረጽህ አለ፤ ደገምኩት። አራት ጊዜ ሠራሁት። በአራተኛው ላይ ጉልበቴ ሲታጠፍ ይበልጥ እንዲያምር አደረግኩት። አዎ፣ እንዲያምር። ይህን ስጽፍ የገዛ ፊቴ ላይ ብተፋ ደስ ይለኛል። አጨበጨቡልኝ። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ትኩስ ታሚያ፣ የሽምብራ ጥብስ፣ ገዝቼ በላሁ፤ ያን ቀን እንደጣመኝ ጥሞኝ አያውቅም።

ሙዓዝ ከማልን አምጣው፣ መኪናዋን ይይልኝ እያለ ይነዘንዘኝ ጀመር። ዛሬ ነገ እያልኩ ሁለት ሳምንት ገፋሁት። አንድ ከሰዓት ግን በመኪናው ጀሪፍ ድረስ ሸኝቶኝ ከማልን በር ላይ አገኘውና እጁን ይዞ «ያላ፣ ና የሥራህን ፍሬ እይ» አለው። ከማል አክብሮ ለጋበዘው ሰው እምቢ ማለት አያውቅም። መኪናዋን ብቻ ያሳየዋል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ከማል ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። ላሜራውን ሲያይ ፈገግ አለ። «ልክ ነው፣ እንደዚህ ነው የሚጣመመው» አለ። ሙዓዝ ያን ጊዜ ሊይዙት አልተቻለም። «ቆይ፣ ምርጡን አላየህም» አለ። እኔም ከኋላቸው ቆሜ ማየቴን ቀጠልኩ።

ስክሪኑ ላይ አንድ ሰው ከመኪናዋ ኋላ ቆመ። ሮኬቱ ወጣ። ሰውዬው ፊቱን ጋረደ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተራመደ፣ ቁጭ አለ። አረማመዱ የእኔ ነው፤ የትም ባየው አውቀዋለሁ።

ከማል ወደ እኔ አልዞረም። «ድገመው» አለ በአረብኛ። ሙዓዝ ደገመው። ከማል አንገቱን ጠጋ አድርጎ እስከ መጨረሻው ተመለከተ።

«ሳህ?» አለ ሙዓዝ። «ልክ ነው?»

«እጁ ግራው ነው» አለ ከማል ቀስ ብሎ። «በቀኙ ጀሪካን ይዞ ነበር።»

ሙዓዝ «ሹክራን!» ብሎ እዚያው አስተካከለው። ከማል የቀረበለትን ውኃ ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ወጣ። በር ላይ ደረስኩበት። ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ኖሮ ዛሬ ይሻለኝ ነበር።

«ስሙን ነግረሃቸዋል?» አለኝ።

«አልነገርኳቸውም።»

«ደግ» አለና ራክሻ ውስጥ ገባ።

ማታ ስገባ የከማል ፍራሽ በቦታው አልነበረም፤ ይዞት ሄዷል። ጀብራ የሚባል ሰፈር ከሌሎች ልጆች ጋር ገባ አሉ፤ ቆይቶም ወደ ሰሜን ወጣ አሉ። ዳግመኛ አላገኘሁትም። እኔስ? ሥራዬን ትቼ የወጣሁ ቢመስላችሁ አልፈርድባችሁም፤ ተጨማሪ ስድስት ሳምንት ሠራሁ። አቧራውን ያቀላሁት እንዲያውም ከዚያ በኋላ ነው።

በኋላ እውነተኛው ጦርነት ያቺን ከተማ በላት። እውነተኞቹ ታትሸሮች ሪያድ ገብተው ቪላዎቹ በር ላይ ቆሙ ሲባል ሰማሁ። የሙዓዝ ቤተሰብ የት እንደደረሰ አላውቅም። ጨዋታው ላይ ያለችውን መኪናችንን ግን ሌሎች ሰዎች ተረክበዋታል።

ከጠጋኙ ዘንድ የወጣሁ ዕለት በስልኬ ፈልጌ የመኪናዋን የኢንተርኔት ገጽ ከፈትኩ። ሙዓዝ ያየው ሁሉ ይጠላዋል ብሎኝ ነበር። የሚጠላ አንድ ሰው አጣሁ። ስንት ሰው ከኋላዋ ደርድሬ በአንድ ተኩስ እንዳስቀመጥኩ እዩልኝ እያሉ ቪዲዮ ይለጣጥፋሉ፤ ከሥሩ ሳቅ በሳቅ ነው። እንደዚያ ቀን ሰውን ተጸይፌ አላውቅም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በእኔ እግር የሚራመደውን። ለያዟት ሰዎች ጻፍኩላቸው። ያ ሰው እውነተኛ ነው፣ እናት አለው፣ እባካችሁ አውጡት አልኩ።

በማግስቱ መለሱልኝ። በትሕትና ነው የጻፉት። ስለ አስተያየቴ አመስግነዋል። ለእውነተኛነት ትልቅ ቦታ ይሰጣሉ። በሰውየው እንቅስቃሴ ላይ ስህተት ካለ የቱ ጋ እንደሆነ ብነግራቸው ወዲያው ያርሙታል።

አንዲት ስህተት ባገኝ ብዬ ከፍቼ አየሁት። እርምጃውን ቆጠርኩ። ጉልበቱን አየሁ። እጁን አየሁ፤ ግራው ነው። ምንም የማርመው የለም።