ንጋቷ የማትጠራው ስም

ንጋቷ ሥራ የጀመረች ዕለት ቀድማኝ ገብታ የካርድ ክፍሉን መደርደሪያ አቧራ አራግፋ፣ የተደባለቁትን ካርዶች በፊደል ተራ ስትደረድር ደረስኩ። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ «ነገ አስተካክለዋለሁ» እያልኩ የተውኩትን! አፈርኩም፣ ደስም አለኝ።

ከዱራሜ በትዳር ወደ ቴፒ የመጣች ከምባታ ናት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ልጅ ስታሳድግ ቆይታ፣ የእኛ ክሊኒክ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። የሙከራ ጊዜዋ ሁለት ሳምንት ነው። «እዚህ ካልያዙኝ ያለ ልምድ ማን ይቀጥረኛል?» ትለኛለች።

ሥራችን የታካሚውን ካርድ ማውጣት፣ ተራው ሲደርስ ብቅ ብሎ ስሙን መጥራት ነው። ሦስት ቀን አንድም ነገር አልተሳሳተችም። ብቻ የገረመኝ፣ ጴንጤ ሆና «ጌታ ይመስገን» አትልም። ጎረቤታችንን ጌጫ ከተማንም «ያ ማሻ ሳይደርሱ ያለው ከተማ» ነው የምትለው። አገሩን ገና አልለመደችም ብዬ አለፍኩት።

ሐሙስ ልጄን አስከትቤ አምስት ሰዓት ላይ ስመለስ አንድ አዛውንት ግድግዳ ተደግፈው ያልባቸዋል። ለስኳር ምርመራ እህል ሳይቀምሱ ነው የመጡት።

«አባባ፣ መቼ መጡ?»

«በአንድ ሰዓት። ከኔ በኋላ የመጣ ሁሉ ገብቶ ወጣ። ስሜ ጠፍቶ ይሆን?»

አልጠፋም። ካርዱ ንጋቷ እጅ ላይ ነው። «ጌታሁን» ይላል።

ኃላፊያችን ሲስተር አሰጋሽ አዛውንቱን ደግፋ አስገባችና ወደ ንጋቷ ዞረች። «ስም መጥራት ያቃታት ሰው ካርድ ክፍል ምን ትሠራለች? እስከ ነገ አስቢበት!»

ጓሮ ወስጄ ጠየቅኳት።

«የባሌ አባት ስም ነው» አለችኝ እያለቀሰች። «በእኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። በስሙ የመጀመሪያ ፊደል የሚጀምር ሌላ ቃልም ካፏ አይወጣም።»

«እሳቸው ያሉት ዱራሜ! ማን ይሰማሻል?»

«እኔ እሰማለሁ። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለውን ካርድ ላንቺ አቀብል ነበር፤ ዛሬም እስክትመጪ ብዬ አቆየኋቸው። እህል አለመቅመሳቸውን ግን አልጠየቅኩም፤ ጥፋቴ እሱ ነው።»

ሄዳ ለአዛውንቱም ይህንኑ ነግራ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ከምርመራው በኋላ ሻይ እየጠጡ ነበር፤ በሳቅ ፈረሱ።

«በ‹ጌ› የሚጀምረውን ሁሉ እኔ እጠራልሻለሁ» ብላት እምቢ አለች። «አንቺ በሌለሽበት ቀንስ?»

አርብ ጠዋት ከመድኃኒት ካርቶን የቆረጠቻቸውን ቁጥሮች ይዛ መጣች፤ ከአንድ እስከ አርባ። ታካሚው ሲመዘገብ ቁጥር ይይዛል፣ እሷ ቁጥሩን ትጠራለች፣ ሲቀርብ «ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» ብላ ከካርዱ ጋር ታስተያያለች። ሲስተር እጇን አጣጥፋ ቆማ ታያለች። «ደግሞ ይቺ ቄንጥ!»

«አሥራ ሁለት!» አለች ንጋቷ። አንድ ሰውዬ ቀረበ።

«ይርዳው አለሙ።»

ካርዱን አየችና ቀስ ብላ ወደ እኔ አዞረችው። ይርዳው አማኑኤል ይላል። ያወጣሁት እኔ ነኝ! በድሮው አሠራር «ይርዳው!» ብለን እንጠራ ነበር፣ እሱም «አቤት» ብሎ የሌላ ሰው ካርድ ይዞ ይገባ ነበር። ሲስተር ያጣጠፈችውን እጇን ፈታች።

ውጤታቸውን ሊወስዱ የመጡት አዛውንት አሥራ ሰባት ደረሳቸው።

«ስምዎን ይንገሩኝ፣ አባባ።»

«ትናንት አማት አደረግሽኝ፣ ዛሬ ደግሞ አሥራ ሰባት!» አሉ ጮክ ብለው። «ጌታሁን ነኝ፣ ልጄ። አንቺ አትድከሚ፣ እኔው እጠራዋለሁ!»

ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። ንጋቷ በአንድ እጇ አፏን ሸፍና ካርዱን አቀበለቻቸው።

ሲስተር ከካርቶኖቹ አንዱን አንስታ ገለበጠችው። «ይሄ በሳምንት ይቀደዳል። ላስቲክ የለበሰ አሠራልሻለሁ፣ ዓመት የሚቆይሽ።»

«ሲስተር፣ የሙከራ ጊዜዋ እኮ ገና አላለቀም» አልኩ፣ ጆሮዬን ባለማመን።

«አንቺ የሰው ካርድ እያቀያየርሽ የእሷን ሙከራ ትቆጥሪያለሽ?»