ቢጫ የሆኑት ነጭ ሳህኖች

ሰፈሩ «ጋሽ ቆይ» ይለዋል። ለነጋዴዎች የዕቃ ፎቶ ማንሳት ከጀመረ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ጫማም ይሁን ሳሙና፣ «ቆይ!» ሳይለው አንስቶ አያውቅም። ከዚያ በለሆሳስ የራሱን ስንኝ ያንጎራጉራል፦

ዓይኔን አምኜ ብልከው ማልዶ፣
መጣ አንቺን ትቶ ጥላሽን ወስዶ።

«ወስዶ» ላይ ሲደርስ፣ ቀጭ!

የኤሌክትሪክ መብራት አይወድም። ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ነው፤ ከኋላው ነጭ ካርቶን ይወርዳል። ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የካሜራውን የቀለም ልክ በዚያ መስኮት ብርሃን አንዴ ካስተካከለው ወዲህ አልነካውም። «ይቺ ብርሃን ታማኝ ናት፤ አትለዋወጥም» ሲል፣ ሚስቱ ከጓዳ «ታዲያ እሷን አታገባም ነበር!» ትለዋለች።

አንድ ቀን የሳህኖቿን ፎቶ ያነሳላት ነጋዴ በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሽዬ፣ ሳህኖቼን የወፍ በሽታ መታቸው እንዴ?»

«ምን ሆኑ?»

«ቢጫ ሆኑ እንጂ! ፎቶውን ሱቄ ውስጥ ስከፍተው ቢጫ ነው።»

ኮምፒውተሩን ከፈተ። ነጭ ነው። ሳህኑን አነሳ፤ እሱም ነጭ። ግራ ገባው። በማግስቱ እንደገና አንስቶ ላከላት። «ይኸኛውማ ባሰበት» አለችው በስልክ።

ያኔ ስለ ዓይኑ ፈራ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዓይናቸው ሲከዳቸው መጀመሪያ የከዳቸው በቀለም ነው፤ ጥቁር ኮት በሰማያዊ ክር ሰፍተው፣ «ጥቁር ነው!» ብለው ከደንበኛ ተጣሉ። ያኔ ዕድሜያቸው የእሱን ያህል ነበር። ዓይኑ ከከዳው ምን ይቀረዋል? ስንኙ ብቻ።

ካልሲ ይዞ ወደ ሚስቱ ሄደ።

«ይሄ ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ያልታጠበ።»

«የምሬን ነው!»

ፊቱን አይታ ሳቋን ዋጠች። «ግራጫ ነው። ምን ሆነሃል አንተ?»

እሱም ያየው ግራጫ ነበር። ታዲያ ሳህኑስ? ሁሉንም ነገራት። ከገመድ ላይ ያወረደችውን አንሶላ እንደታቀፈች ተከትላው ወደ ሥራ ክፍሉ ገባች፤ መስኮቱ ዘንድ ስትደርስ ግን ጮኸች።

«ውይ፣ አንሶላዬ! አሁን ነጭ አልነበረም?»

ወደ ደጅ ወጣች፤ ነጭ። ተመለሰች፤ ቢጫ። በመስኮቱ አጮልቃ ወደ ማዶ አየች። ከዚያ፣

«ይሄን ግድግዳ መቼ ቀቡት?»

«የቱን ግድግዳ?»

ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት፣ ከጣሪያው እስከ መሠረቱ እንደ እንቁላል አስኳል በርቷል። ፀሐይ እሱን መትታ፣ ቢጫውን ተሸክማ በመስኮቱ ትገባለች። ዓይኑ ቀስ በቀስ ለምዶት ኖሯል፤ ካሜራው ግን አልለመደም።

«እልል በል እንጂ! ዓይንህ ደህና ነው!»

አልሳቀም። «ቀቢዎቹ መሰላል ላይ ሆነው ሳምንቱን ሙሉ ሰላም ሲሉኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም እጄን እያነሳሁ ስመልስላቸው ነበር። እንዴት ነው ያላየሁት? ይሄ ደህና ዓይን ነው?»

ጠረጴዛውን አጋዘችውና ከጓሮው ጥላ ውስጥ አኖሩት። የካሜራውን የቀለም ልክ እንደ አዲስ አስተካከለ፤ ሳህኑን አቆመ። «ቆይ!» አለ። «ዓይኔን አምኜ» ብሎ ጀመረና እዚያው ላይ ቆመ። ጣቱ አልወረደም።

«አንሳው እንጂ» አለች ሚስቱ። «ሳህን የት ይሄድብሃል?»