ያልተከፈተው የረምላ በር

ደመላሽ ቁልፍ ቀራጭ ነው። መቐለ ውስጥ ከሮማናት አደባባይ ወደ ቀዳማይ ወያነ ገበያ በሚወስደው አሮጌ የሱቆች መንገድ ዳር አንዲት ጠረጴዛ ዘርግቶ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ከደብረ ብርሃን ሲመጣ ለአንድ በጋ ብሎ ነበር፤ የመቐለዋን ሳሊናን አግብቶ፣ ሦስት ልጆች ወልዶ እዚያው ቀረ።

መንገዱ ድሮ ሰው ከሰው ሳይጋፋ የማይታለፍበት ነበር። አሁን ከሦስት ሱቅ የሚከፈተው አንዱ ነው። የብረት በሮቹ ዝገዋል፤ የሱቆቹ ስም ከግድግዳው ተልጦ ወርዷል፤ ክዳኑ በተሰበረው የፍሳሽ ጉድጓድ ላይ ሰው እንዳይገባበት ያረጀ ጎማ ተጋድሟል። ነጋዴዎቹ በራፋቸው ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። "ጦርነቱ እንደገና ሊጀመር ነው" የሚል ወሬ የተነሳ ቀን ደግሞ የተከፈተውም ቶሎ ይዘጋል።

ወሬው በናፈሰበት አንድ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዎች መጥተው ጠረጴዛው ፊት ቆሙ። ጥቁር ጃኬት የለበሰው ረጅሙ ሰውዬ በጣቱ አራተኛውን በር አሳየ።

"ያንን ክፈትልን።"

የረምላ የጨርቅ ሱቅ ነበር። ረምላ ባሏ ሲሞትባት ቆልፋው አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ ከሄደች ዓመት አልፏል።

"የሱቁ ባለቤት አለች እኮ" አለ ደመላሽ።

"የባሏ ወንድም ነኝ። ይኸው ወረቀት።"

ወረቀቱ ማኅተም አለው፤ ማኅተሙ ግን አይነበብም። የረምላም ስም "ራህማ" ተብሎ ነው የተጻፈው።

"ስሙ አልገጠመም፣ ወንድሜ።"

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮው ተጠጋ። "አንተ ከየት መጥተህ ነው የሰው ንብረት ጠባቂ የሆንከው? በሰላም እየኖርክ አይደለም እንዴ?"

በጦርነቱ ጊዜም እንዲሁ ሰዎች መጥተውበት ነበር፤ ያኔ መሣሪያ ይዘው። የመሓሪን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሱቅ ክፈት አሉት፤ ከፈተ። መሓሪ ተመልሶ ባዶ ሱቅ ሲያገኝ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ሰላም ይለውና ያልፋል። ደመላሽን እንቅልፍ የነሳው ያ ሰላምታ ነው።

"እሺ" አለና የሥራ ዕቃውን ይዞ ተነሳ። በፀጉር አስተካካዩ በሕሉፍ በራፍ ሲያልፍ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ሕሉፍ፣ ትናንት የተዋስከኝ ሞረድ የታለ? የረምላን በር ልከፍትላቸው ነው።"

ሕሉፍ ሞረድ ተውሶ አያውቅም። ደመላሽን አየ፤ ሰዎቹን አየ። "ቆይ ልፈልገው፣ አያ ደመላሽ" ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

ደመላሽ በሩ ሥር ተንበረከከ። ያንን ቁልፍ የገጠመው ራሱ ነው፤ ለመክፈት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። የማይገባውን ሽቦ ሆን ብሎ ከተተ፤ አዞረ፤ አወጣ፤ እፍ አለበት።

"ምን ያጓትትሃል?"

"ዝጓል።"

"እንግዲያው ስበረው!"

ይህን ጊዜ ሕሉፍ ስልኩን ከፍ አድርጎ ወጣ። የረምላ ድምፅ መንገዱን ሞላው። "አያ ደመላሽ! ባሌ ወንድም አልነበረውም! ለእናቱ አንድ ነበር! ማን ነው በሬ ላይ ያለው?"

መጀመሪያ የወጣው መሓሪ ነው። መጥቶ ከደመላሽ ጎን ቆመ። ከዚያ እህል ሻጯ፣ ከዚያ ልብስ ሰፊዎቹ መጡ። በሩን ከበው ቆሙ። ሰውዬው አንድ በአንድ አያቸው፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ "እንገናኛለን" ብሎ ከሁለቱ ጋር ሄደ።

ደመላሽ ዕቃውን ሰበሰበ። መሓሪ እጁን ይዞ አነሳው። "አጆኻ፣ በርታ" አለው። ከዚያ ወዲህ ሲያልፍ ሰላም ብሎ ብቻ አይሄድም፤ ይቀመጣል።

ረቡዕ ጠዋት ግን ጠረጴዛው ተሰባብሮ ተገኘ። ለፖሊስ አመለከተ፤ የተያዘ ሰው የለም። ሳሊና "ቤትህ ሆነህ ሥራ፣ ልጆችህን አስብ" ብላ አለቀሰች። አልሰማትም፤ የብረት ጠረጴዛ አሠራ። ሁለት ወር ያህል ሕሉፍ ቤቱ ድረስ ይሸኘው ነበር።

ረምላ በሦስተኛው ሳምንት መጣች። አይጥ ከበላው የተረፈውን ጨርቅ ሸጣ፣ ሱቁን ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የልብስ ስፌት ሥራ ለወጣች ሉላ ለምትባል ልጅ አከራየችው። አሁን እዚያ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ይሰማል። ሰዎቹ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ደመላሽ ግን አንድ ቀን ይመጣሉ ብሎ ማሰቡን አልተወም፤ አሁን የሚቀመጠው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ነው።