የአደ ረሂማ ዋይፋይ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን የዋልኩት መሰላል ተሸክሜ ነው። የመስመር ገጣጣሚዎች አለቃ የነበሩት ጋሽ ተፈራ ረዥሙን የእንጨት መሰላል ትከሻዬ ላይ አሳርፈው፣ እሳቸው ፒንሳና መሞከሪያ ስልክ ብቻ ይዘው ከሸዋ በር ወደ ጀጎል ውስጥ ከፊት ከፊቴ ሄዱ። የጀጎልን ጠባብ መንገድ የሚያውቅ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን አያጣውም። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ መሰላሉ አልዞር ብሎ በሁለት ግንብ መካከል ተቀረቀረ። ከኋላዬ እንጨት የጫነች አህያ ከነባለቤቷ ቆመች፤ ከፊቴ ሙዝ የያዙ ሴቶች ቆሙ።

“ምን ትጠብቃለህ? አንኳኳና በግቢያችሁ አሳልፉኝ በል እንጂ!” አሉኝ ጋሽ ተፈራ።

አንኳኳሁ። በሩን የከፈተችው ሴት ምንም አልገረማትም። የልብስ ገመዷን ከፍ አድርጋ ያዘችልኝ፤ መሰላሉ በግቢዋ ዞሮ ወጣ።

ምሰሶው ጋ ደርሰን ልወጣ እግሬን ሳነሣ ደግሞ በኮሌታዬ ጎተቱኝ። “ጩህ!” አሉ።

“ምን ብዬ?”

“የስልክ ሠራተኛ ነኝ፣ ልወጣ ነው በል! ከላይ ሆነህ የስንቱን ግቢ እንደምታይ ታውቃለህ? ሴቶቹ ሻሻቸውን ይልበሱ።”

ጮኽኩ። ከአንዱ ግቢ “ቆይ!” የሚል ድምፅ መጣ፤ ቆየሁ። ትንሽ ቆይቶ “ውጣ!” ተባልኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጀጎል ውስጥ ሳልጮህ ምሰሶ ወጥቼ አላውቅም።

ከቀን ሠራተኛነት ወደ ረዳት ገጣጣሚነት፣ ከዚያ ወደ ገጣጣሚነት አደግሁ። ኢንተርኔት ሲመጣ ኮርስ ወስጄ “የብሮድባንድ ጥገና ቴክኒሻን” ተባልኩ። ስሙ ያምራል። መሰላሉ ግን ያው ነበር።

ኮሮና የገባ ጊዜ ሥራችን መልኩን ቀየረ። መሥሪያ ቤቶች “ቤት ሆናችሁ ሥሩ” አሉ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ቀድሞ መስመሩ የሚጨናነቀው ከእራት በኋላ ነበር፤ አሁን ከቁርስ ጀምሮ ሆነ። ባል ስብሰባ ላይ፣ ሚስት ስብሰባ ላይ፣ ልጅ ትምህርት ላይ፣ ሁሉም በአንድ ጥንድ የመዳብ ሽቦ። ያ ሽቦ ደግሞ እኔ ጎረምሳ ሳለሁ “ሃሎ፣ ደህና ናችሁ ወይ?” ለመባባል የተዘረጋ ነው።

የደንበኞች አገልግሎት ስልክ ሁልጊዜ የተያዘ ስለሆነ ሰዉ እኔኑ መያዝ ጀመረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ መሆኑ ነው። ፈረስ መጋላ ላይ አንዱ ያስቆመኝና “ጋሽ ጌታቸው፣ የከፈልኩት ለአራት ሜጋ ነው፤ ሁለቱ የት ገባ?” ይለኛል፤ ኪሴ ውስጥ የከተትኩት ይመስል። አቦከር አንድ ለቅሶ ቤት ገብቼ “ነፍስ ይማር” ብዬ ሳልቀመጥ የሟች ወንድም ጠጋ አለኝና በሹክሹክታ “ከመጣህ አይቀር ሞደሙን እያት” አለኝ። አየኋት። ምን ላድርግ?

ሐጂ ዩሱፍ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ነጋዴ ደግሞ ኢንተርኔቱ ከሳሎን አልፎ ልጃቸው ከሚሠራበት ክፍል አልደርስ ብሏቸው ጠሩኝ። ቤታቸው ከጀጎል ነባር ቤቶች አንዱ ነው፤ ግንቡ አንድ ክንድ ይሆናል፣ ሳሎኑ ከላይ እስከ ታች በሳህንና በስፌት አጊጧል። ሞደሙን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። ባለቤታቸው ትልቁን የብረት ትሪ ከግድግዳው አነሡ። ሞደሙ ከትሪው ኋላ፣ ግንቡ ውስጥ በተቦረቦረች መደርደሪያ ተቀምጦ መብራቱን ያርገበግባል።

“አስቀያሚ ነዋ! እንግዳ ሲመጣ አፈርኩበት” አሉኝ።

ከፊቱ ብረት፣ ከኋላው ድንጋይ። እንኳን ጓዳ ሳሎንም መድረሱ ይገርማል። ሞደሙን ነደባ ከሚሉት ቀይ መደብ ጫፍ ላይ አወጣሁት፤ ፍጥነቱ ተስተካከለ፤ ሐጂ ዱዓ አደረጉልኝ። ሌላ ቀን ሳልፍ ጎራ ብል ሞደሙ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ጠበቀኝ። ጨርቅ ሲግናል አይከለክልም ብዬ ተውኩት።

ኢክራምን ያወቅኋት በዚያው ሰሞን ነው። መኪና ግርግር ከሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ገባ ብሎ ካለ ግቢ ከእናቷ ከአደ ረሂማ ጋር ትኖራለች። ዐረብኛዋ እንደ ውሃ የሚፈስ ነው። አንድ የዐረብ አገር የኢንተርኔት መደብር ደንበኞቹ ሲያማርሩ የሚያነጋግር ሰው ፈልጎ በሙከራ ቀጥሯት ነበር። አባቷ ካረፉ ወዲህ ቤቱ የቆመው በሷ ነው።

“ጋሼ፣ እኔም እንደ እርስዎ የተናደደ ሰው ነው የማነጋግረው” አለችኝ ገና ስገባ። “ግን ሰውዬው ስድቡን ሳይጨርስ መስመሩ ይቋረጣል። ዘጋችብኝ ብሎ ይከሰኛል። አለቃዬ ሐሙስ ጠዋት ራሷ ትፈትነኛለች። እየሠራሁ በካሜራ ታየኛለች፤ ያን ቀን ከተቋረጠ ሥራው አበቃ።”

ከሐሙስ በፊት የቀረን ጊዜ ትንሽ ነበር። ምሰሶው ላይ ጮኼ ወጣሁ፤ ግንኙነቱን አጸዳሁ፤ ወርጄ በመለኪያው ለካሁ። መስመሩ እንከን የለውም። አለቃዬ ዳዊት ጋ ደወልኩ፤ በዕድሜ ልጄ የሚሆን፣ ጨዋ፣ ግን ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ነው።

“መስመሩ ደህና ነው?”

“ደህና ነው። ልጅቷ ግን ደህና አይደለችም።”

“ጋሽ ጌታቸው፣ እኛ የምንጠግነው መስመር ነው። የጥገና ቲኬቱን ዝጋውና ወደ ኤረር በር ውረድ፤ ወረፋው ረዥም ነው።”

ትክክል ነበር፤ ትክክል መሆኑ ግን ይበልጥ አናደደኝ። የመጨረሻ ልሞክር ብዬ ሞደሙን ከሶኬት ነቀልኩት። በዚያች ቅጽበት ከግንቡ ማዶ፣ በስተቀኝም በስተግራም፣ ጩኸት ተነሣ።

“አደ ረሂማ! ዋይፋዩ ሞተ!”

“አደ ረሂማ፣ መምህሩ የላከው ጥያቄ አልወርድ አለኝ!”

“ወሪያ! ጎሉ ሊገባ ሲል!”

ኢክራም ወደ እናቷ ዞረች። አደ ረሂማ ሻሻቸውን አስተካከሉና “ቆዩ እናንተ፣ እየሠሩት ነው! ኢንሻአላህ አሁን ይመጣል!” ብለው ወደ ግንቡ ጮኹ።

“ኡሚ! ለስንት ሰው ነው የይለፍ ቃሉን የሰጠሽው?”

“ለጠየቀኝ።”

“ማን ያልጠየቀሽ አለ?”

አደ ረሂማ አሰቡ። “ጀሚላ አልጠየቀችም። ስልኳ ተበላሽቷል።”

ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ሞደሙ ዞርኩና መልሼ ሰካሁት። ኢክራም ግን አልሳቀችም፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ። “ጋሼ፣ አሁኑኑ ቀይሩልኝ። ከኔ በቀር ማንም እንዳያውቀው። በተለይ ያ ሙክታር!”

ሙክታር ከማዶ ያለው ባለ ባጃጅ ነው። ጎሉ ሊገባ ሲል ያለው እሱ ነው። በበሽታው ምክንያት ተሳፋሪ ቀንሶ ቀኑን ሙሉ የድሮ የኳስ ጨዋታ ያያል፤ ጥርት ባለው ምስል ካልሆነ ደግሞ አይወድም።

የይለፍ ቃል መቀየር ቀላል ሥራ ነው። ስልኬን አውጥቼ ልጀምር ስል አደ ረሂማ እጄ ላይ እጃቸውን ጫኑ።

“ጌታቸው፣ ረጋ በል። ውሃ ሲጠፋ የምንጠጣው ከማን ሮቶ ነው? ከሙክታር እናት። አባቷ የታመመ ጊዜ ሐኪም ቤት ማን አመላለሰው? ሙክታር። ያን ልጅ በምን ዐይኔ ነው ዘጋሁብህ የምለው? እዚያ ማዶ ያሉት ልጆችስ? ትምህርታቸው ስልክ ውስጥ ገብቷል።”

“ሥራዬ ሲቀርስ ኡሚ? ሙክታር ያበላናል?”

“ያበላናል” አሉ አደ ረሂማ። “ችግሩ እኔ ከሰው እጅ መብላቱን አልፈልግም፤ አንቺ እንድትሠሪ ነው የምፈልገው።”

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ እኔም መሐል ቤት ቀረሁ። የኤረር በሩ ደንበኛ ይቅር ይበለኝና ነደባው ላይ ተቀመጥኩ። ሞደሙ ላይ ሁለት የዋይፋይ ስም ከፈትኩ። አንዱን ለኢክራም ብቻ፤ ሌላውን ለጎረቤት፣ በሥራ ሰዓቷ ጥቂት ብቻ እንዲደርሳቸው አድርጌ። ትምህርት የሚወርድበት ያህል፣ ጨዋታ ግን የማይታይበት ያህል።

አደ ረሂማ አንድ ነገር ጨመሩ፤ በድብቅ እንዳይሆን። ጎረቤቶቹን ግቢ ጠሯቸው። ማስካቸውን አድርገው፣ ተራርቀው ቆሙ፤ እኔም አስረዳሁ። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ሁሉም ጨርሶ እንዲያጠፋ ለመንኩ።

“አቦ ጋሼ፣ ቀስ ይልብኛል ማለት ነው?” አለ ሙክታር።

“አዎ።”

“ይሁን። ጎሉንማ አውቀዋለሁ፤ ይገባል።”

ሐሙስ ጠዋት ፈረስ መጋላ አንድ ሱቅ ውስጥ ስሠራ መብራት ጠፋ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ኢክራም ናት። “ጋሼ… ፈተናው ሊጀመር ነው።”

በዕድሜዬ እንደዚያ ቁልቁል ሮጬ አላውቅም። እየሮጥኩ የማስበው አንድ ነገር ነው። ማዕከላችን የራሱ ባትሪ አለው፤ መብራት ቢሄድም መስመሩ አይሞትም። የልጅቷ ላፕቶፕም ባትሪ አለው። የሞተው ሞደሙ ብቻ ነው።

ስደርስ ኢክራም ላፕቶፑ ፊት ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች። የሞደሙን ቻርጀር ገልብጬ አነበብኩ። “አሥራ ሁለት ቮልት! አሥራ ሁለት ቮልት ባትሪ ያለው ሰው አለ?”

አደ ረሂማ አልጠየቁኝም። ወደ ግንቡ ጠጋ ብለው “ሙክታር! ባትሪ!” አሉ።

ሙክታር ባጃጁን ያቆመበት ድረስ ሮጠ። ባትሪውን ፈትቶ እንደ ሕፃን አቅፎት ተመለሰ፤ እግሩ ላይ አንድ ጫማ ብቻ ነበር። የቻርጀሩን ገመድ ቆረጥኩ፤ በጥርሴ ላጥኩ። ፕላስና ማይነሱን ባቀያይር ሞደሙ ይቃጠላል፤ ሁለት ጊዜ ለካሁ። የሚያያይዝ መቆንጠጫ አልነበረኝም።

“በእጅህ ያዘው። አያነዝርም። እንዳትንቀሳቀስ ብቻ” አልኩት።

ሙክታር ከኢክራም ጀርባ ተንበርክኮ ሁለቱን ሽቦ በሁለት ጣት ባትሪው ላይ ጫነ። የሞደሙ መብራቶች አንድ በአንድ በሩ። የመስመሩ መብራት ሲጸና አለቃዋ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። “አሰላሙ ዐለይኩም” አለች ኢክራም፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ።

ፈተናው ረዘመ። አንድ ደንበኛ ጮኸባት፤ ሌላዋ አለቀሰችባት። ኢክራም ለሁሉም በአንድ ዓይነት እርጋታ መለሰች። በሩ ላይ ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። የሙክታር ኪስ ውስጥ ስልክ ይንቀጠቀጣል፤ ተሳፋሪ ነው፣ ያን ሰሞን እንደ ወርቅ የሚፈለግ ተሳፋሪ። አላነሣውም። ላቡ በማስኩ ሥር ይንጠባጠባል።

መጨረሻ ላይ አለቃዋ ወደ ካሜራው ጠጋ ብላ አንድ ነገር ጠየቀች። ዐረብኛ ባልችልም ዐይኗ ወደ ሙክታር እንደሄደ አየሁ። ኢክራም ዞር ብላ አየችው። ከዚያ መለሰች፤ በሩ ላይ የቆሙት በሙሉ በሳቅ ፈነዱ፤ አለቃዋም አብራ ሳቀች። ሙክታር ግን ሽቦው እንዳይላቀቅ ከንፈሩን ነክሶ ቀረ።

“ምን አለቻት?” ብዬ አደ ረሂማን ጠየቅሁ።

“አለቃዋ ያ ሰውዬ ማነው አለቻት። ኢክራም የቴክኒክ ድጋፍ ክፍላችን ነው አለቻት።”

ኢክራም ላፕቶፑን ዘጋች። “ተቀጠርኩ” አለች፤ ብላም ያን ሁሉ ሰዓት የያዘችውን እንባ ለቀቀችው። እኔም ወደ መሣሪያ ቦርሳዬ ጎንበስ አልኩ፤ ያለቀስኩ እንዳይመስል። ሙክታር አሁንም እንደተንበረከከ ነው።

“አቦ፣ አሁን ልልቀቅ?” አለ።

ይህን የምጽፈው ቦታዬን ለተረከባችሁ ወጣቶች ነው። ከኔ የተሻለ መሣሪያ አላችሁ፤ ፋይበርም እየመጣላችሁ ነው። ደንበኛ ቤት ስትገቡ መስመሩን ለኩ። መስመሩ ደህና ከሆነ ቲኬቱን ከመዝጋታችሁ በፊት ከግንቡ ማዶ ማን እንደሚኖር ጠይቁ።