ከጭብጨባው በኋላ የጎደለው

ይህ ቃል በጉቱ ወረዳ ከወፍጮ ቤቱ ጀምሮ እስከ ውሃ ፓምፑ ድረስ ለሚኖር ሁሉ ይድረስ። ዕድሜዋ ሰባት፣ ቁመቷ ከበሩ መቀርቀሪያ የማያልፍ፣ ሁለት የፊት ጥርስ የጎደላት፣ ኔትሳይ የተባለች የአገሩ ነዋሪ፣ ውሃ ቀድታና ተንበርክካ ለታላላቆቿ ብታቀርብም የምስጋናው ሁለተኛ አጋማሽ እንዳይሰጣት ተወስኗል። ወሳኙ አጎቷ፣ በእኛ አጠራር ሴኩሩ፣ ናቸው። ይግባኝ የለውም።

ሁለተኛው አጋማሽ ምን እንደሆነ እኛ ዘንድ ጡት ያልጣለ ሕፃንም ያውቀዋል። ልጅ አንድ ነገር ሲያደርግልህ ሁለት ጊዜ ታጨበጭባለህ፣ «እናመሰግናለን» ትላለህ፣ ከዚያ በአውሬ ስም የሚጠራውን የአባቱን ጎሳ ከነሙገሳው ትጠራለታለህ። የአጎቷ የሴኩሩ ታካዊራ ልጅ ታፋራ በር እንኳ ቢዘጋ፣ «እናመሰግናለን አንበሳ፣ ዱሩን የምታንቀጠቅጥ፣ ባዶ አፍህን የማትመለስ» ይባልለታል። ይህ አንበሳ አውራ ዶሮ አሳዶት ጎተራ ላይ የወጣ አንበሳ ነው። ግድ የለም፤ ሙገሳው የአያቶቹ ነው፣ ከእሱ የሚጠበቀው መወለድ ብቻ ነበር፣ ያንንም እናቱ ጨርሳለታለች።

የኔትሳይ አባት ግን አይታወቅም። እናቷ፣ የሴኩሩ ታካዊራ እህት፣ ስሙን ሳትናገር ደቡብ አፍሪካ ሄዳ ቀረች። ለልጅቱ ስም ያወጡላት ሴኩሩ ናቸው፤ «አስቸግሩ» ማለት ነው። አንበሳቸውን ያካፍሏት ዘንድ የለመኗቸው ነበሩ። አንበሳ አይቆረስም አሉ።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ልጅቱ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ትንበረከካለች። ሴኩሩ ይጠጣሉ። ጨብ፣ ጨብ። «እናመሰግናለን።» ከዚያ ጸጥ። ልጅቱ አትነሳም።

«ምነው፣ መሬቱ ያዘሽ?»

«አልጨረሱም መስሎኝ ነው፣ ሴኩሩ።»

«ጨርሻለሁ። ተነሺ።»

ይህ በየቀኑ ነው።

አሁን አምቡያ፣ ማለትም አያት፣ ወደምንላቸው ወደ ሪንዳይ ልምጣ፤ የምጽፈው ስለ እሳቸው ነውና። በጦርነቱ ዘመን ጉድጓድ ቆፋሪ ባላቸውን ተከትለው ከድንበር ማዶ፣ ከሞዛምቢክ መጡ። ፓምፑ በተተከለ በወሩ ባል ሞተ፣ ቆፋሪዎቹ ሄዱ፣ ሴትዮዋ ከፓምፑ ጋር ቀሩ። ሠላሳ ዓመት ሰንሰለቱን ቅባት ቀቡ፣ ያለቀውን ጎማ ቀየሩ፣ እጀታው ላይ የሚንጠለጠለውን ልጅ ሁሉ ተቆጡ። የተሾሙበት ደብዳቤ የለም፣ የተሻሩበትም የለም። ባለጎሳው መንደራችን ውሃቸውን ጠጥቶ አፉን ጠርጎ ይሄድ ነበር።

አንድ ጊዜ የጤና ሠራተኛ መጥቶ «ልጅዎን ያበረታቱ» የሚል በራሪ ወረቀት አደለ። የምትስቅ እናት ሥዕል ነበረበት። ስብሰባውን የመሩት ሴኩሩ ታካዊራ ናቸው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ማበረታታት ተናገሩ። ወረቀቱ ለትምባሆ መጠቅለያ የተመቸ ስለነበረ በሳምንት ውስጥ ከመንደሩ አለቀ።

አምቡያ ማንበብ አይችሉም። አንድ ቀን ግን ፓምፑ ዘንድ ውሃ ጠማቸውና ኔትሳይ ቀድታ ተንበረከከች። ጠጡ፣ አጨበጨቡ፣ «እናመሰግናለን» አሉና እሳቸውም አፋቸው ተያዘ።

«ምን ትጠብቂያለሽ፣ ልጄ?»

«የቀረውን።»

«የቀረ የለኝም።»

ልጅቱ አሰበች። «ነገ ይኖርዎታል?»

ያን ቀን ልጅቱ ጀሪካን ተሸክማ ስትሄድ አምቡያ ከኋላዋ ቆመው አዩዋት። ከፓምፑ እስከ አጎቷ በር አቧራው ደረቅ ነበር። በማግስቱ ሲጠጡ፣ «እናመሰግናለን፣ አንዲት ጠብታ የማታፈሺ» አሉ። ልጅቱ ከመሬት ተነሳች። ቤቷ የደረሰችው ከወትሮው ዘግይታ ነው፤ ጠብታ እንዳይወርድ ስትጠነቀቅ።

ከወራት በኋላ «ከወፎች የምትቀድሚ» ተጨመረ። ከዚያ «ተራሽን ለደካማ የምትለቂ»። በነጻ አልነበረም። አንድ ማለዳ ኔትሳይ በሰልፉ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ገፍትራ ጣለች። አምቡያ ሁለቱን ሙገሳዎች ብቻ ጠርተው አቆሙ።

«ሦስተኛውስ?»

«እሱን ዛሬ አልለውም።»

«ለምን?»

«ታውቂዋለሽ።»

በማግስቱ ኔትሳይ ሰልፉን በሙሉ አሳልፋ ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ቆመች። «አንድ ሰው ይበቃ ነበር» አሉ አምቡያ። «አሁን ውሃሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ቤት የጠማው ሰው አለ።» ግን ሦስተኛውን ጠሩላት።

ወሬው ሴኩሩ ጆሮ ደረሰ። ከዘራቸውን ይዘው ፓምፑ ድረስ መጡ።

«አምቡያ፣ ለልጅቱ ሙገሳ እየሰፉላት ነው አሉ።»

«ጠበባት እንዴ፣ የታፋራ አባት?»

«ሙገሳ ይወረሳል እንጂ እንደ ቀሚስ አይሰፋም። የማን ዘር እንደሆነች ሳናውቅ የማን አያት ይቆጣብን?»

«እኔ ያየሁትን ነው የጠራሁት። ሌላ አልጨመርኩም።»

«ጎሳው ያልታወቀ ሰው ምን ተብሎ ይመሰገናል?»

«የእኔን ያውቁታል?»

ሴኩሩ ሳቁ። «እርስዎማ የፓምፑ አምቡያ ነዎት።»

አምቡያ አልሳቁም። ወደ ሰንሰለቱ ዞረው መቀባታቸውን ቀጠሉ።

ኔትሳይ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት፣ በብርዱ ወር፣ አምቡያ ሪንዳይ ሞቱ። መንደሩ በሙሉ ለቀብር ወጣ። ሟች በጎሳው ተጠርቶ ነው የሚሸኘው፤ ጠሪው ደግሞ አንደበተ ርቱዕ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ሴኩሩ ታካዊራ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጨብ፣ ጨብ። «በደህና ይሂዱ...» አሉ።

የሚጠሩት ጎሳ አጡና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ፤ ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ወደ ሴቶቹ ዞሩ። ሠላሳ ዓመት ውሃቸውን የጠጣ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ የማን ልጅ እንደነበሩ አንድም ቀን አልጠየቀም።

ኔትሳይ ለመቃብር ቆፋሪዎቹ ውሃ ይዛ መጥታ ነበር። ጀሪካኑን አስቀምጣ ከጉድጓዱ አፍ ተንበረከከች።

«በደህና ይሂዱ፣ የዛገውን የሚቀቡ» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ነበር። «በደህና ይሂዱ፣ ዛሬ የሌለዎትን ለነገ የሚያመጡ። በደህና ይሂዱ፣ ያላዩትን የማይናገሩ።»

መጀመሪያ ያጨበጨቡት አፈር የያዙት ቆፋሪዎች ናቸው። ሴኩሩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ።

በማግስቱ ጠዋት ኔትሳይ እንደ ልማዷ ኩባያውን ይዛ ተንበረከከች። ሴኩሩ ጠጡ፣ አጨበጨቡ፣ «እናመሰግናለን» አሉ። ከንፈራቸው አልተዘጋም፤ የሚከተል ነገር ያለ ይመስል ነበር። በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ልጅቱ አልጠበቀችም። ኩባያውን ተቀብላ ተነሳች፤ ሰንሰለቱን የሚቀባ አልነበረምና ወደ ፓምፑ ሄደች።

አንተ በሴኩሩ የምትስቀው አንባቢ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ይህን ስታነብ አጠገብህ ውሃ ያስቀመጠልህ ልጅ አለ፤ ገና ከበሩ አልራቀም። ጥራውና፣ ሲያደርግ ያየኸውን አንዲት ነገር ብቻ...